አንድ ጉልላት፣ ሁለት መስታወት፦ የማያኮቭስካያ ጣቢያ ሞዴል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞስኮ ተማሪ ሳለሁ ለአምስት ዓመት ያህል የተመላለስኩበትን የማያኮቭስካያን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በትንሹ ለመሥራት ዛሬ የመጀመሪያውን ንድፍ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ሙሉውን ጣቢያ ለመሥራት ቦታውም ገንዘቡም የለኝም። የምሠራው በአራት ዓምዶች መካከል ያለችውን አንዲት ክፍል ከነጉልላቷ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ርዝመት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስታወቶች እንዲሞሉልኝ አስቤአለሁ። ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሶቪየት ኅብረት የዚህኑ ጣቢያ ቁራጭ በእውነተኛ መጠኑ አቁማ፣ በመስታወት አማካይነት ረጅም አዳራሽ አስመስላ ለሕዝብ አሳይታለች፤ ንድፉም በዚያው ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እነርሱ በድንኳናቸው ውስጥ ያደረጉትን እኔ ከእንጀራ ሞሰብ በማይበልጥ ሳጥን ውስጥ ልሞክረው ነው።

መጠኑን የጀመርኩት ከሰው ነው። ቁመቱ 7 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ከካርቶን ቆርጬ አቆምኩና ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ጋር እያስተያየሁ ለካሁ፤ ይህም አንድ ለሃያ አምስት ገደማ ይሆናል። የዓምዱን ውፍረት፣ የቅስቱን ከፍታና የጉልላቱን ስፋት ከፎቶግራፎችና ከታተሙ ንድፎች እያመሳከርኩ አወጣሁ።

ጥቅምት 9

ዛሬ በእጄ የሠራሁት ነገር የለም። ቀኑን ያሳለፍኩት ዓምዶቹ ለምን እንዲያ ቀጭን ሊሆኑ እንደቻሉ ለእህቴ ልጅ ሳስረዳ ነው፤ መብራቱን የሚሠራልኝ እርሱ ስለሆነ የሚያበራውን ነገር ማወቅ አለበት።

ጣቢያው ከመሬት በታች 33 ሜትር ላይ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ጥልቀት ሦስት ዋሻዎች ጎን ለጎን ሲቆፈሩ፣ ሁለቱ ለባቡር አንዱ መካከለኛው ለመንገደኛ ነው፣ ከላይ የሚጫነውን አፈር የሚሸከመው በዋሻዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍል ነው። በሞስኮ ከዚያ በፊት የተሠሩት ጥልቅ ጣቢያዎች በዚህ ቦታ ላይ ወፋፍራም የግንብ ምሰሶዎችን ያቆሙ ስለነበር፣ መንገደኛው ከአዳራሹ ወደ ባቡሩ የሚያልፈው በር በሚመስል ጠባብ መሹለኪያ ነበር። የማያኮቭስካያ ነዳፊ አሌክሴይ ዱሽኪንና አብረውት የሠሩት መሐንዲሶች ግንቡን አስወግደው በብረት ዓምዶች ተኩት፤ በዓለም የመጀመሪያው ባለ ዓምድ ጥልቅ ጣቢያ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱን የሚያውቀው መካከሉ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ግራና ቀኙ ተከፍቶ ሦስቱ ዋሻዎች አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሆናሉ፣ በላይ ያለው ክብደትም ከናካቴው ይረሳል።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሞዴሉ ላይ አፈር ካልተጫነ ዓምዱ ከካርቶን ቢሆን ምን ይጎዳል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ካርቶን ብርሃን አያንጸባርቅም፤ የእነዚያ ዓምዶች ግማሽ ሥራ ደግሞ ማንጸባረቅ ነው።

ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1938 ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የ1931 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ላይ መዋሉን ያስተዋልኩት ገና ዛሬ ማታ ነው፤ በተማሪነቴ ይህን ባውቅ ኖሮ የአዲስ ዓመት ግብዣችንን እዚያው እንድናደርግ ጓደኞቼን ሳላስቸግር አልቀርም ነበር።

ጥቅምት 20

መርካቶ ሚናለሽ ተራ ዋልኩ። የምፈልገው ከግማሽ ሚሊሜትር የማይወፍር የማይዝግ ብረት ላሜራ ነበር። አዲሱ በሙሉ ሉህ ካልሆነ አይሸጥም፤ አሮጌውን ግን አንድ ነጋዴ ከተጣለ የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ላይ ቆርጦ በኪሎ ሸጠልኝ። ገጹ ተጫጭሯል። ቢሆንም በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ እየሄድኩ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስፈትገው ጭረቱ ወደ መስመርነት ተለወጠ፤ ለሥራዬ ደግሞ መስመር እንጂ ጠፍጣፋ ገጽ አያስፈልገኝም።

የጣቢያው ዓምዶችና ቅስቶች የለበሱት የማይዝግ ብረት ጠፍጣፋ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች በተከታታይ ሸንተረር የተሞላ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሰፊ የብረት ሉህ በዚህ መልክ አጥፎ ለሕንፃ ማልበስ የተለመደ ስላልነበረ፣ ሥራው የተሰጠው ከሞስኮ ወጣ ብሎ ዶልጎፕሩድኒ ለነበረው የአየር መርከብ ፋብሪካ ነው። በአየር ላይ ለሚንሳፈፍ ዕቃ የተዘጋጀ መሣሪያ ከመሬት በታች ላለ አዳራሽ መዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ሥዕሎች የሚበዙት ስለ ሰማይ መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ ነገሩ አጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል።

ኅዳር 2

ሸንተረር ማውጣቱ ካሰብኩት በላይ አስቸጋሪ ሆነ። በመጀመሪያ ላሜራውን በሁለት ረድፍ የብስክሌት ስፖኮች መካከል አድርጌ በሞርሳ ስጨምቀው መካከሉ ሲገባ ጠርዙ ተጠመዘዘ። ሁለተኛው ሙከራ የተሻለ ነበር፦ ስፖኮቹን ጣውላ ላይ እኩል ርቀት ጠብቄ ሰደርኩና ላሜራውን ከላይ አድርጌ በጠንካራ እንጨት ጫፍ ሸንተረር በሸንተረር፣ ከመካከል ወደ ዳር እየሄድኩ ገፋሁት። ከመካከል መጀመሩ ወሳኝ ነው፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከዳር ስለሚስብ፣ ከዳር የጀመረ ሰው መሃል ሲደርስ የሚስበው አያገኝም።

የዓምዶቹ ማዕዘን በታችኛው ክፍል ላይ ሮዶናይት የተባለውን የኡራል ድንጋይ ለብሷል። ድንጋዩ ሮዝ ሆኖ ጥቁር ሥር የሚመስል መስመር አለው። እኔ ጄሶን በሮዝ ቀለም በጥብጬ ቀጫጭን ዘንግ ካፈሰስኩ በኋላ ጥቁሩን መስመር በአንዲት የፀጉር ዘለላ ቀለም እየነከርኩ አስገባሁ። ከሩቅ ሲታይ ያሳምናል፣ ከቅርብ ግን የሥጋ ቁራጭ ይመስላል።

ኅዳር 17

የጉልላቱ ሳምንት ነበር፤ አንድ ጉልላትም ተሰብሮብኛል።

የማያኮቭስካያ ጉልላት በእርግጥ ሁለት ጉልላት ነው። ታችኛው ሰፊና ሞላላ ሆኖ ዙሪያውን መብራቶች ይዟል፤ ከእርሱ በላይ ጠበብ ያለ ሌላ ጉድጓድ ወደ ላይ ይገባና ሞዛይኩ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥዕሉ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ሳይሆን ከጣሪያው ወዲያ ሆኖ ይታያል። ቀና የሚል ሰው ጣሪያው ተከፍቶ ሰማዩን እያየ ይመስለዋል። ይህ ብልሃት የራሱ ዋጋ አለው፦ ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ሥዕሉን ለማየት በትክክል ከሥሩ መቆም ያስፈልጋል። ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የመብራት ቀለበቶችን ሰልፍ ብቻ ነው። በተማሪነቴ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ሥዕል መኖሩን ያወቅሁት፤ ሁልጊዜ እየሮጥኩ ነበርና ቀና ብዬ አላውቅም ነበር።

ሞላላውን ቅርጽ ለማውጣት የድሮው የአናጺ ዘዴ በቂ ነው፤ ሁለት ሚስማርና አንድ ክር ብቻ ይፈልጋል። ፎርማውን ከሸክላ አፈር ቀርጬ፣ ደረጃ ደረጃውን በቢላዋ አውጥቼ፣ በቫዝሊን ቀብቼ ጄሶ አፈሰስኩበት። ስህተቴ ችኮላ ነው። ጄሶው ከላይ ጠንክሮ ስላየሁት ከውስጥም የጠነከረ መስሎኝ በሰዓቱ ውስጥ ሳላቅቀው ከታችኛው ጉልላት ከንፈር እስከ ላይኛው ድረስ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን በውስጡ የወባ አጎበር ቁራጭ አስገብቼ አፈሰስኩትና ሙሉ ሌሊት ተውኩት። አጎበሩ በኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት ሥራ ሠርቶልኛል።

ታኅሣሥ 8

ሞዛይኩን የጀመርኩት ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆንም ዛሬ ብቻ ነው የሚጻፍ ነገር ያገኘሁት።

ሥዕሎቹን የነደፈው አሌክሳንደር ዴይኔካ ነው። የሥራው አጠቃላይ ርዕስ የሶቪየት አገር አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለትም ቀንና ሌሊቷ፣ ነው። መጀመሪያ 35 ነበሩ፤ ዛሬ ያሉት 34 ናቸው። አውሮፕላኖች፣ ጃንጥላ ዘላዮች፣ የአየር መርከብ፣ በበረዶ ላይ የሚዘል ስፖርተኛ፣ አጨዳ ላይ ያለ ኮምባይነር፣ ልጇን ያነሣች እናት፣ የክሬምሊን ማማ በሌሊት እያሉ ይቀጥላሉ። አብዛኞቹ የተሳሉት ከታች ወደ ላይ በሚያይ ሰው ዓይን በመሆኑ፣ ዘላዩ በተመልካቹ ራስ ላይ ያልፋል፣ የዛፉ ቅርንጫፍም ከጉድጓዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ተራ ሥዕል ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ይህን ስሜት አይሰጥም፤ ዴይኔካ የቦታውን ጠባይ አስቀድሞ አስልቶ የተመልካቹ አንገት በሚቀናበት ልክ ሣለው።

ንድፎቹን ወደ ሞዛይክ የለወጠው ሌኒንግራድ የነበረው የቭላዲሚር ፍሮሎቭ ሥራ ቤት ነው። ፍሮሎቭ የሴንት ፒተርስበርጉን በደም ላይ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ሞዛይኮች የሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ በነበረችበት በ1942 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። የሚሠራበት ዘዴ የተገላቢጦሽ ይባላል። የመስታወት ቁርጥራጮቹ ፊታቸው ወደ ታች ሆኖ በወረቀት ላይ በውኃ በሚለቅ ሙጫ ይለጠፋሉ፣ ጀርባቸው ላይ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ሲደርቅ ወረቀቱ በውኃ ርሶ ይላቀቃል። ስለዚህ ሠሪው እስከ መጨረሻው ድረስ የሥራውን ፊት አያይም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ንድፍም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ መሣል አለበት።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አውቄም ንድፉን ሳልገለብጥ ለጠፍኩት።

የመረጥኩት አውሮፕላኖች ያሉበትን ሰማይ ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ክፍል አንድ ቀለም ነው ብዬ ገምቼ ነበር። አንድ ቀለም የሚመስለው ግን በርቀት ነው። ወደ ፎቶግራፉ ጠጋ ብዬ ስመረምረው ሰማዩ ከነጭ እስከ ጥቁር ሰማያዊ ድረስ በብዙ ደረጃ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። እነርሱ የተጠቀሙበት ስማልት ብርሃን የማያሳልፍ ባለ ቀለም መስታወት ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው መስኮት ከጀርባው በሚመጣ ፀሐይ ሲያበራ፣ ስማልት ግን ከፊቱ የመጣለትን ብርሃን መልሶ የሚረጭ ነው፤ ከመሬት በታች 33 ሜትር ላይ ከጀርባ የሚመጣ ፀሐይ ስለሌለ ምርጫው ግልጽ ነው። እኔ ስማልት ስለሌለኝ ከመስታወት ቤት የተረፈ ባለ 2 ሚሊሜትር ቁርጥራጭ ወስጄ ጀርባውን በዘይት ቀለም ቀባሁና በአልማዝ ጫርኩ፣ በፒንሳ ሰበርኩ። ባለቤቱ ወጣት ነው። «አባባ፣ ይህን ልንጥለው ነበር» ብሎ ገንዘብ አልተቀበለኝም። በዚህ ዓይነት ወደ ስምንት መቶ ገደማ የሚሆኑ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ቁርጥራጮች አዘጋጀሁ። ጣቶቼ ተቆራርጠዋል፤ የምሥራቹ ግን ቀለሙ ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ ሲሚንቶው ሊያበላሸው ይችላል ብዬ ፈርቼ በቫርኒሽ የሸፈንኩት በትክክል ሠርቶልኛል።

ዛሬ ወረቀቱን አርሼ ላቀቅሁ። ሰማዩ አምሯል። አውሮፕላኖቹ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበራሉ።

ታኅሣሥ 11

ሞዛይኩን እንደገና አልሠራውም። በመስታወቶቹ ውስጥ ሁለተኛው ጉልላት የመጀመሪያው ግልባጭ፣ ሦስተኛው ደግሞ የግልባጩ ግልባጭ ስለሚሆን፣ ከሁለት አንዱ አውሮፕላን በየተራው በትክክለኛው አቅጣጫ መብረሩ አይቀርም። ሰበብ መሆኑን አልክድም።

ታኅሣሥ 29

ወለሉና የባቡሩ ወገን አለቁ። ባቡር ላቁም አላቁም እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ያከራከረኝ የ1941 እ.ኤ.አ. ኅዳር ታሪክ ነው። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ተቃርቦ ሳለ የጥቅምት አብዮት 24ኛ ዓመት የዋዜማ ስብሰባ ኖቬምበር 6 ቀን የተደረገው በዚህ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ስታሊንም ንግግሩን ያሰማው ከዚሁ ነበር። መካከለኛው አዳራሽ ወንበር ተደርድሮበት፣ በአንደኛው ሐዲድ ላይ የቆሙት ፉርጎዎች ለካፖርት ማስቀመጫና ለቡፌ አገለገሉ። ጥልቀቱና ስፋቱ በአንድ ላይ ባይገናኙ ኖሮ ቦታው ለዚህ አይመረጥም ነበር፤ ወፋፍራም ግንብ ባለው ጣቢያ ውስጥ ያን ያህል ሕዝብ አንድ ላይ ተናጋሪውን ሊያይ አይችልም። በመጨረሻ ባቡሩን ተውኩት። ባቡር ካቆምኩ ዓይን ወደ ጎን ይሄዳል፤ የእኔ ሳጥን ደግሞ የተሠራው ወደ ላይ ለሚያይ ነው።

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

መስታወቶቹ ገቡ፤ ሁለት ጊዜም ወጡ።

መስታወት የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ዓምዱ ነው። መስታወቱ የዓምዱን እኩሌታ በትክክል የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ከቆመ፣ ግማሹ ዓምድ ከግማሹ ምስል ጋር ገጥሞ አንድ ሙሉ ዓምድ ይሆናል። ስለዚህ አራቱንም ዓምዶች ከአናት እስከ እግር ሰንጥቄ ግማሽ ግማሻቸውን ብቻ አቆምኩ። ከሸንተረሩ ጋር ያን ያህል ታግዬ ግማሹን መጣሌ አሳዝኖኛል።

የመጀመሪያው ችግር ወዲያው ታየ። በተለመደው መስታወት ላይ የሚያንጸባርቀው ብር የተቀባው ከጀርባ ነው። ባለ 3 ሚሊሜትር መስታወት ላይ ግማሹን ዓምድ ሳስጠጋ በዓምዱና በምስሉ መካከል 4 ሚሊሜትር የሚሆን አረንጓዴ ክፍተት ተፈጠረ፤ ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ ጥልቀቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል እንጂ ክፍተቱ ስድስት መሆን ነበረበት። ዓምዱ በመሃሉ የተሰነጠቀ ይመስል ነበር። ከእያንዳንዱ ግማሽ ዓምድ ላይ 2 ሚሊሜትር በሊማ ሞርጄ የዓምዱን ውፍረት ብመልስም ስንጥቁ ራሱ አልጠፋም። ስለዚህ ስንጥቁ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀጭን የላሜራ ክር በመስታወቱ ፊት ለጠፍኩ፤ አሁን ስንጥቁ እንደ አንድ ተጨማሪ ሸንተረር ሆኖ ያልፋል።

ሁለተኛው ችግር የተመልካቹ ዓይን ነው። በሁለት ትይዩ መስታወቶች መካከል ያለውን መጨረሻ የሌለው አዳራሽ ለማየት ዓይን በመካከላቸው መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። ከአንደኛው መስታወት ጀርባ ላይ የጥፍር ያህል ስፋት ያለውን ቀለምና ብር በከተር ፍቄ ቀዳዳ ከፈትኩ። በካርቶኑ ሰው የዓይን ቁመት ላይ ስለሆነ፣ በዚያ የሚያጮልቅ ሰው በወለሉ ላይ የቆመ ያህል ያያል። በምስሉ ውስጥ ግን የቀዳዳው ጥቁር ነጥብ በየሁለተኛው አዳራሽ መጨረሻ ይደጋገማል። የእህቴ ልጅ የዋሻው መጨረሻ ነው ብለን እናሳምናቸዋለን ብሎኛል።

ሦስተኛው ችግር መፍትሔ የለውም፣ እንዲኖረውም አልፈለግሁም። መስታወት በእያንዳንዱ ነጸብራቅ ትንሽ ብርሃን ይውጣል፣ አረንጓዴ ቀለምም ይጨምራል። አምስተኛው ጉልላት የደበዘዘ፣ ስምንተኛው የባሕር ውኃ የመሰለ ነው። እውነተኛው ጣቢያ እንዲህ አይደበዝዝም።

ጥር 23

የስም ነገር።

የጣቢያውን ስም በባቡሩ ወገን ባለው ግድግዳ ላይ በሩሲያ ፊደል ለመለጠፍ አስቤ ነበር፤ ፊደላቱንም ከላሜራ ቆርጬ ጨርሻለሁ። ለሙከራ በሰም ለጥፌ በቀዳዳው ሳጮልቅ ያልጠበቅሁት ሳይሆን ልጠብቀው ሲገባኝ የዘነጋሁት ነገር ታየኝ፦ ስሙ በሁለተኛው አዳራሽ ላይ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። ከአሥሩ ፊደላት መካከል ሲገለበጡ የማይለወጡት አራት ብቻ ናቸው፤ «ያ» ተብሎ የሚነበበው ፊደል ደግሞ ተገልብጦ ልክ የላቲኑን «አር» መሰለ። በሦስተኛው አዳራሽ እንደገና ይስተካከላል፣ በአራተኛው ይገለበጣል። ባቡር ላይ ሆኖ ጣቢያ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያይ ይወርድ ይቀር እንደሆነ አላውቅም።

ስሙ ራሱ ሊብራራ የሚገባው ነው። ማያኮቭስካያ የሰው ስም ሳይሆን ከሰው ስም የወጣ ቅጽል ነው፤ በሩሲያኛ «ጣቢያ» የሚለው ቃል አንስታይ ስለሆነ ቅጽሉም በአንስታይ መልኩ ይመጣል። በአማርኛ ስንለው «የማያኮቭስኪ ጣቢያ» ማለት ይሆናል። ገጣሚው ቭላዲሚር ማያኮቭስኪ በ1930 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከጣቢያው በላይ ያለው የጥንቱ ትሪዩምፋልናያ አደባባይ በ1935 በእርሱ ስም ተጠራ፤ ጣቢያውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሐውልቱ በአደባባዩ ላይ የቆመው ግን በ1958 ነው። አደባባዩ በ1992 ወደ ቀድሞ ስሙ ሲመለስ ጣቢያው በያዘው ቀረ፤ ስለዚህ ዛሬ ከማያኮቭስካያ የሚወጣ ሰው ትሪዩምፋልናያ ላይ የማያኮቭስኪን ሐውልት ያገኛል። ቀጣዩ ጣቢያ እኛ ስንማር ጎርኮቭስካያ ይባል ነበር፤ ከ1990 ወዲህ ትቬርስካያ ነው። እዚያ ወርዶ በውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ወደ ፑሽኪንስካያ መሻገር ይቻላል። የሐበሻ ተማሪዎች መቀጣጠሪያ ብዙ ጊዜ የፑሽኪን ሐውልት ሥር ነበር፤ ቅድመ አያቱን የእኛ ነው እያልን ስለምንኮራ፣ ፑሽኪንም እንደ ዘመድ ይቆጠርልን ነበር። ማያኮቭስኪን ግን ማንም ዘመዴ ያለው አልነበረም።

በ2005 የተከፈተው ሁለተኛው መውጫ ለስሙ ተገቢ ነገር አድርጓል፦ ሠዓሊው ኢቫን ሉቤንኒኮቭ በጣሪያው ላይ ሰማይ በሞዛይክ ሠርቶ የገጣሚውን ስንኞች በውስጡ በትኗል። በዋናው አዳራሽ ግን ከስሙ በቀር ገጣሚውን የሚያስታውስ ብዙ ነገር የለም።

ፊደላቱን ከግድግዳው ነቅዬ ከሳጥኑ ውጭ፣ ከቀዳዳው በላይ አደረግኋቸው። ከሥራቸው በአማርኛ ማያኮቭስካያ ብዬ በቀለም ጻፍኩ።

የካቲት 7

መብራቱ ተገጠመ። የእህቴ ልጅ በታችኛው ጉልላት ከንፈር ዙሪያ ጥቃቅን አምፖሎችን ከተመልካች ዓይን ደብቆ ሰደረ። መጀመሪያ ያመጣው ወደ ቢጫ ያደላ ብርሃን ነበር፤ ብረቱንና ሮዙን ድንጋይ አሞቀልኝ፣ ሰማዩን ግን አመድ አስመሰለው። ወደ ነጭ ያደላውን ሲሞክር ሰማዩ ሲድን ዓምዶቹ የሆስፒታል ዕቃ መሰሉ። ያስታረቃቸው የእርሱ ሐሳብ ነው፦ ቢጫውን ከታች ለዓምዶቹ፣ ነጩን ከላይኛው ጉድጓድ ውስጥ ለሞዛይኩ ብቻ አደረገ። ሲበራ የላሜራው ሸንተረር ብርሃኑን በቀጫጭን መስመር ከፋፍሎ ወደ ቅስቱ አሳለፈውና ግማሽ ዓምዶቼ ከምስላቸው ጋር ተያይዘው ክብደት የሌላቸው ሆኑ። በእጄ ሠርቼ በዓይኔ ያላመንኩት ይህን ብቻ ነው።

የካቲት 16

አብረውኝ ሞስኮ የተማሩ ሦስት ጓደኞቼ መጡ። ተራ በተራ አጮለቁ። አንደኛው የመወጣጫው ደረጃ የት አለ አለ፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ ረዘም ያለ ጊዜ አየ። ሦስተኛው ግን ቀና ማለት ፈልጎ አንገቱን ከሳጥኑ ጋር አጋጨ። በቀዳዳው የሚያይ ሰው ሞዛይኩን ማየት አይችልም፤ ልክ በእውነተኛው ጣቢያ ከአዳራሹ ጫፍ እንደቆመ ሰው የመብራት ቀለበት ብቻ ያያል። ከሰዓት በኋላ በወለሉ መካከል፣ በጉልላቱ ትይዩ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ክብ መስታወት አስገባሁ። አሁን በቀዳዳው ዝቅ ብሎ የሚያይ ሰው ሰማዩን በወለሉ ላይ ያገኘዋል።

ሳጥኑን ሲዞረው የቆየው ሁለተኛው ጓደኛዬ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አለኝ፦ «ሁሉም ቀትር ነው።» ትክክል ነው። የዴይኔካ ሥዕሎች ከጠዋት ተነሥተው ወደ መካከል ሲቃረቡ ሌሊት ሆነው እንደገና ወደ ንጋት ይመጣሉ፤ በአዳራሹ ውስጥ መራመድ ቀኑን መራመድ ነው። መስታወት ርዝመትን ያባዛል፣ ሰዓትን ግን አያባዛም። በእኔ ጣቢያ ውስጥ እነዚያው አውሮፕላኖች በእነዚያው ሰማይ እየተገለበጡ እስከ መጨረሻው ይበራሉ።

የካቲት 21

የላይኛውን ጉልላት ከታችኛው ለይቼ በመጋዝ ቆረጥኩትና እንደ ድስት ክዳን የሚነሣ አደረግሁት። ሦስት ተጨማሪ ክዳኖች በጄሶ አፍስሻለሁ፤ አንዱ ለንጋት፣ አንዱ ለማምሻ፣ አንዱ ለሌሊት። በሌሊቱ ጀምሬአለሁ። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ ሌሊት አይሆንም፣ ጥቁር ቀለም ደግሞ ሰማይን ቀዳዳ ያስመስለዋል። ዛሬ ጥቁርና ሰማያዊ በየደረጃው ቀላቅዬ አሥራ አንድ ዓይነት መስታወት ቀብቼ በመስኮት ላይ አስደገፍኩ፤ የማማውን ንድፍም በዚህኛው ጊዜ ገልብጬ አስምሬዋለሁ።